ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል

ኅዳር 3

ለውድ ጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ያ አልሰማ ያለው ግራ ጆሮዎስ? እኔና ቤተሰቤ ደኅና ነን። ደኅና ማለት እንኳ ያንሰዋል፤ ደስታ ሊገድለኝ ነው። «ስልክ አትደውይልኝ፣ ጆሮዬ ከድቶኛል፣ ይልቅ ጻፊልኝ» ስላሉኝ ይኸው ብዕር አንስቻለሁ። እንግዲህ የእኔን ወሬ የቀሰቀሰ ሰው ቻል ማድረግ ነው!

ሥራው ተሳካ። ለማማው አለቃ የጻፉለት ደብዳቤ በሦስተኛው ቀን አስጠራችኝ። «የጋሼ የአክስት ልጅ ነዎት? እንግዲያው ነገ ይግቡ» አለኝ፣ አለቀ። ዛሬ ሃያ አንደኛ ቀኔ ነው። እርስዎ ሃያ ስምንት ዓመት አውሮፕላን ሲያወጡና ሲያወርዱ በኖሩበት ማማ ላይ እኔ ሻይ አወጣለሁ፣ ባዶ ብርጭቆ አወርዳለሁ። ታዲያ ምን ለየን?

ክፍሉን እርስዎ ያውቁታል፤ ግን እኔ ካልነገርኩ ያመኛል። ዙሪያውን መስታወት ነው። አውሮፕላኖቹ ከላይ ሲታዩ ልጅ ሜዳ ላይ የረሳቸው መጫወቻ ይመስላሉ። ከጠረጴዛው ላይ ያ ዘንበል ያለ ሰሌዳ አለ፤ በላዩ በፕላስቲክ የታቀፉ ቁራጭ ወረቀቶች ተደርድረዋል። ለእያንዳንዱ አውሮፕላን አንድ ወረቀት ነው አሉኝ። አለቃው በመጀመሪያው ቀን አንድ ሕግ ብቻ ሰጠኝ፦ «ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደረገ ሰው አያናግሩም። ቤት ቢቃጠል እንኳ!» እኔን! እኔን ዝም በይ! ግን አደረግኩት ጋሼ። ከንፈሬን ነክሼ ሻዬን አስቀምጬ እወጣለሁ። የታመቀው ሁሉ የሚፈነዳው ቤቴ ስገባ ነው፤ ባለቤቴ «ማማው ይሻለኛል፣ እዚያ ልቀጠር» ይላል።

በእኔ ፈረቃ ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛውን መነጽሬ ብዬዋለሁ፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሚስቱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሁለተኛዋን እመቤት አልኳት፤ ቀሚሷ ላይ አንድ እጥፋት አያገኙም። አብረው ተምረው አብረው የተቀጠሩ ናቸው። ፈረቃ ሲቀያየሩ ሊሰሟቸው ይገባ ነበር። «አንተ ዕውር፣ ተነሥ፣ ተራዬ ነው» ትለዋለች። «አንቺ ስትገቢ ደመናው ራሱ ይደነግጣል» ይላታል። እህትና ወንድም እንዲህ አይዋደዱም።

እኔ ደግሞ ያውቁኛል፤ የተዝረከረከ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። ሰው ቤት ለቅሶ ተቀምጬ የግድግዳ ፎቶ የማቃና ሴት ነኝ። ክፍሉን አንጸባረቅኩት። አለቃው «ማማው ገና አሁን ሰው አገኘ» አለ። ይህ ሁሉ በእርስዎ ነው። የሰጡኝን እንጀራ ፈጣሪ በዕድሜዎ ላይ ይቁጠርልዎ።

የአክስትዎ ልጅ

ኅዳር 20

ለእቴ ጨዋታ፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለልጄ ባነብላት «ሴትየዋ ትንፋሽ የምትወስደው የት ላይ ነው?» አለች።

እኔ ደኅና ነኝ። ብርድ አለ። ቀኑን ሙሉ መስኮት ዳር እቀመጣለሁ፤ መስኮቱ የሚያሳየው ግን የጎረቤት ግድግዳ ነው። ስለዚህ የሰፈር ጠብና የገበያ ዋጋ አትጻፊልኝ። ሰማዩን ጻፊልኝ። ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ማን ከማን ተረከበ። አንዱንም አትዝለይ።

አለቃው ጎበዝ ነው፤ ወሬና ጣጣ ግን አይወድም። አደራሽን አታሳፍሪኝ። ፈጣሪ እጅሽን ይባርከው።

ጋሼ

ታኅሣሥ 4

ለውድ ጋሼ፤

ሰላምታዬን በአንድ ትንፋሽ ይቀበሉኝ፤ ሰላም ነዎት፣ ሰላም ነኝ። ሰማዩን ጻፊልኝ ብለውኝ አልነበር? ሰማዩ ራሱ መጣልዎ!

ማክሰኞ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ፈረቃ የሚቀያየርበት። እመቤት ተነሣች፣ መነጽሬ ተቀመጠ። እኔ ሻዬን አድርሼ ጨርቄን ይዤ የምዕራቡን መስታወት እወለውላለሁ። ደመናው ዝቅ ብሏል፤ ግን ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። በአንዱ ቀዳዳ አንድ ትልቅ አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ ብቅ አለ። ከሥሩ ደግሞ ከእኛ የተነሣ ትንሽ አውሮፕላን ሽቅብ ይወጣል። እኔ ቂሏ «እንዴት ያምራሉ!» ልል ስል ሕጉ ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ።

ተጠጋጉ ጋሼ። በጣም ተጠጋጉ። የትልቁ ሆድ የትንሹን ጀርባ የሸፈነው መሰለኝ። ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። ከኋላዬ መነጽሬ ትንሹን በስሙ ጠርቶ «ወደ ቀኝ! አሁኑኑ ወደ ቀኝ!» ሲል ሰማሁ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከሰው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ትልቁ ሽቅብ ተመዘዘ፣ ትንሹ ቁልቁል ሰጠመ፤ ተላለፉ። ደመናው ዋጣቸው።

በኋላ እንደነገሩኝ አውሮፕላኖቹ ራሳቸው እርስ በርስ የሚጠባበቁበት መሣሪያ አላቸው፤ አንዱን ውጣ፣ አንዱን ውረድ ያለው እሱ ነው። በሁለቱ ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ነፍስ ነበር። አለቃው ይህን ቁጥር ሲናገር የወንበር ጀርባ ይዞ ነበር። መነጽሬ ማዳመጫውን አውልቆ ለሌላ ሰው ሰጠና ወጣ። ሻዩ እንደተቀዳ ቀረ።

አሁን ጉዱን ይስሙ። ትንሹን አውሮፕላን «ትልቁ እስኪያልፍ ከዚህ ከፍታ በላይ አትውጣ» ብላ የያዘችው እመቤት ነበረች። ያላለቀ ጉዳይ ሲኖር ለተረካቢው የሚተውት የራሳቸው ምልክት አላቸው አሉ፤ ምን ዓይነት ምልክት እንደሆነ እንጃ። እሷ «ምልክቱን ትቼልሃለሁ» ትላለች። እሱ «ምንም ምልክት አልነበረም፤ ስለዚህ ውጣ አልኩት» ይላል። በዝግ በር ሲጯጯሁ ነው የሰማሁት (ጆሮዬን ለጥፌ ሳይሆን ብርጭቆ ስሰበስብ)። «ዓይኔ እያየ ትዋሽብኛለህ?» ትለዋለች። «አንቺ ነሽ የምትዋሽው! ረስተሽው ነው፣ እመኚ!» ይላታል። የሚናገሩት ሁሉ በመቅጃ ይቀዳል፤ ይህ ምልክት ግን ድምፅ የለውም አሉ።

ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል። ለእኔ ከሆነ እመቤት አትረሳም። መነጽሬ ከሥራ ታግዷል። እርስዎ ምን ይላሉ? ቶሎ ይጻፉልኝ፤ የማማው ሰው ሁሉ ለሁለት ተከፍሏል።

የአክስትዎ ልጅ

ታኅሣሥ 14

ለእቴ ጨዋታ፤

እንዴት ሰነበትሽ። እኔ ደኅና ነኝ።

የምጠይቅሽን በደንብ አስታውሰሽ መልሺልኝ። ያን ቀን ሻዩን ያቀረብሽው ርክክቡ ሳይጀመር ነው፣ በመካከሉ ነው፣ ወይስ ካለቀ በኋላ? የት አስቀመጥሽው? ጠረጴዛውን ጠርገሻል? ሰሌዳው አጠገብ ደርሰሻል?

ይህን ደብዳቤ ለማንም አታሳዪ። ለአለቃውም አታውሪ።

ጋሼ

ታኅሣሥ 24

ለውድ ጋሼ፤

ጤናና ሰላም ካሉበት ድረስ ይምጣልዎ። አሁን ገና ቁም ነገር ጠየቁኝ! እዚህ ማንም ስለ ሻይ የሚጠይቀኝ የለም፤ ሁሉም ስለ ከፍታ ነው የሚያወራው።

ሻዩን ያቀረብኩት በርክክቡ መካከል ነው። ያን ቀን ውኃው ዘግይቶ ፈላብኝ እንጂ ሁልጊዜ ቀድሜ ነው የማደርሰው። እመቤት ማዳመጫዋን እንዳደረገች ከወንበሩ ተነሥታ ጀርባዋን ሰጥታ ቦርሳዋን ታነሣለች። መነጽሬ ጥግ ካለው መዝገብ ላይ ሊፈርም ጎንበስ ብሏል። ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። ሌላ ጊዜ ብርጭቆውን ከጎን ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ነው የምመለሰው፤ ያን ቀን ወንበሩ ባዶ ስለነበር ጠጋ አልኩ። ሁለት ጠብታ ሻይ ነበር፣ ጠረግኩ።

ሰሌዳው? አዎን፣ ደርሻለሁ። ያ ሁሉ ወረቀት ቀጥ ብሎ ተደርድሮ አንዷ ብቻ ከመሥመር ወጥታ እንደ ገጣጣ ጥርስ ወደ ጎን ተጣማ ነበር። በትንሿ ጣቴ ገፋ አድርጌ ከእኅቶቿ ጋር አስተካከልኳት። ሥራ የበዛባቸው ሰዎች ናቸውና አልፈርድባቸውም። ደስ አይልዎም? እርስዎ የተቀመጡበት ሰሌዳ በእኔ ጊዜ አልተዝረከረከም!

ሌላ ወሬ፤ አለቃው አስጠርቶኝ ነበር። «የሁለቱን ጠባይ ያውቃሉ?» አለኝ። «እመቤት ነገር አትረሳም» አልኩ። «እሱስ?» «እሱ ደግ ነው፣ ግን ጃንጥላውን ሦስት ጊዜ ረስቶ አምጥቼለታለሁ» አልኩ። ጻፈው። አጣሪ ኮሚቴው የካቲት 12 ይሰበሰባል። ጥፋተኛ ከተባለ ፈቃዱን ይቀሙታል፤ ከእንግዲህ በየትኛውም ማማ አይቀመጥም አሉ። ያሳዝናል። ግን ቢያምን ይሻለው ነበር።

መልስዎን እጠብቃለሁ።

የአክስትዎ ልጅ

ጥር 21

ለውድ ጋሼ፤

ምነው? ምነው ዝም አሉኝ? ታመው ነው? ወይስ ወሬዬ ሰለቸዎት? ፖስታ ቤት ስመላለስ ጸሐፊዋ ገና ሳልጠይቃት ራሷን መነቅነቅ ጀምራለች።

የመነጽሬ ሚስት ሴት ልጅ ወለደች። ከማማው ሰው ማንም አልሄደም፤ እኔም አልሄድኩም። ትናንት ዳቦ ለመግዛት ተሰልፌ ከፊቴ ያለው ሰው ዞር ሲል እሱ ነው። ጢሙ አድጓል። «እትዬ፣ እንዴት ነዎት?» አለኝ። «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት። አመሰገነኝና «እርስዎም ውሸታም ነው ይላሉ?» አለኝ።

ጋሼ፣ እኔ ቃል ጠፍቶኝ ያውቃል? ጠፋኝ። ተራው ደረሰና ዳቦውን ይዞ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ምን እንደሆነ ግን ልይዘው አልቻልኩም። ያ ሁሉ ጥያቄዎ ስለ ሻይ ነበር። ለምን ስለ ሻይ ጠየቁኝ? በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ይጻፉልኝ።

የአክስትዎ ልጅ

የካቲት 1

ለእህቴ፤

ይህን ደብዳቤ ቶሎ እንዲደርስሽ በሰው እጅ ልኬዋለሁ። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ከሁለቱ ማንም አልዋሸም። ምልክቱ ያቺ የተጣመመችው ወረቀት ነበረች። ያላለቀ ጉዳይ ያለበትን አውሮፕላን ወረቀት ከመሥመር አውጥተን እናጣምማታለን፤ ጉዳዩ ሲያልቅ እናቃናታለን። እመቤት አጣምማ ተወቻት። አንቺ አቃናሻት። እሱ ሲቀመጥ ሁሉም ቀጥ ብሎ አየ፤ ያለቀ መሰለውና ትንሹን አውሮፕላን ውጣ አለው።

ደንቡ የሚለው ወረቀቷን ማጣመም ብቻ አይደለም። አስረካቢው ጉዳዩን በአፉ ይናገራል፣ ከተረካቢው አጠገብም አሥር ደቂቃ ይቆማል። በአፍ መናገሩን ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ መቆሙም አብሮ ቀረ። ያኔ ጆሮዬ መድከም ጀምሮ ነበር፤ እንዳይታወቅብኝ «ወሬ አታብዙ፣ ወረቀቷ ትናገር» እል ነበር። ልጆቹ ከእኔ ተማሩት፤ ለሌሎች አስተማሩት። ልማድ ሆኖ ቀረ።

ስለ ሻዩ የመለስሽልኝ ደብዳቤ ከደረሰኝ ሃያ ስድስት ቀን ሆነው። አልታመምኩም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። ያስገባሁሽ እኔ ነኝ። ደመወዝሽ ለቤትሽ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር፤ አንቺም ሳታውቂ በደስታሽ ትኖሪ ነበር። ከዚያ ስለ ዳቦ ሰልፉ የጻፍሽው መጣ።

እንዲህ አድርጊ አልልሽም። እንዲህ ማለቴ ሽሽት መሆኑ አይጠፋኝም። ለአለቃው ግን ስለ እኔ ልማድ የማውቀውን ሁሉ ጽፌ ከዚህ ጋር አሽጌያለሁ። ብትፈልጊ ስጪው፤ ባትፈልጊ ቅደጂው።

ጋሼ

የካቲት 23

ለውድ ጋሼ፤

ይኸው በሕይወት አለሁ። ደብዳቤዎን ኩሽና ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ተቀመጪ ያሉኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው፣ መሬት ላይ።

በማግሥቱ የላኩለትን ፖስታ ይዤ አለቃው ዘንድ ሄድኩ። ነገርኩት። የእርስዎንም አነበበ። በሩን ዘጋና «እትዬ፣ ይህ ነገር አልቋል» አለኝ። «አንድ ሰው ተዘናግቶ ተሳስቷል፤ ይቀጣል። ሻይ አቅራቢ ሰሌዳ ነካች ከተባለ ግን ተቆጣጣሪ ሁሉ፣ አለቃ ሁሉ ነው የሚጠየቀው። ማን አስገባት ይሉኛል።»

«እርስዎ ነዎት ያስገቡኝ» አልኩት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ። ፖስታውን መሳቢያው ውስጥ ጨመረና ቆለፈ። «ሥራዎን ይወዱት የለ? ሻይዎን ያፍሉ።»

አፈላሁ ጋሼ፤ አልዋሽዎትም። ሦስት ቀን ሙሉ አፈላሁ። መነጽሬን ግን አሰብኩት። እሱስ ይሁን፤ ያቺ አንድ ወር ያልሞላት ልጁ አድጋ «አባትሽ በውሸት የተባረረው ሰውዬ ነው» ሲሏት ታየኝ። ለባለቤቴ ነገርኩት። እሱ እንደሚያውቁት ቃሉን በሚዛን ነው የሚያወጣው። ጫማውን እየቦረሸ «ይህን ሁሉ ዓመት ስታወሪ ኖረሽ፣ ዝምታ ለመጀመር ይሄን ቀን መረጥሽ?» አለኝ። ቀና ብሎም አላየኝ። ከዚያም ወዲህ ደመወዜን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣብኝም።

የካቲት 12 ደረሰ። እኔ አልተጠራሁም፤ ሻይ ግን ተጠርቶ ነበር። ለሰባት ሰው። ትሪውን ይዤ ገባሁ። አምስት የኮሚቴ አባላት፣ አለቃው፣ መዝገብ ያዥዋ። እመቤትና መነጽሬ ለየብቻ፣ ግድግዳና ግድግዳ ይዘው ተቀምጠዋል። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አስቀመጥኩ። አለቃው ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። ስጨርስ አልወጣሁም።

«እናት፣ አመሰግናለሁ፣ ይውጡ» አሉኝ ሰብሳቢው።

«ሳልናገር አልወጣም። ወረቀቷን ያቃናኋት እኔ ነኝ።»

«የትኛዋን ወረቀት?»

ተናገርኩ። ውኃው ዘግይቶ ከመፍላቱ ጀምሬ ሁሉንም ተናገርኩ። አለቃው «እሳቸው ጉዳዩን አያውቁም፣ ከዘመድ ሰምተው ነው» አለ። «የዘመዴ ደብዳቤ ከእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ያምጡትና ይነበብ» አልኩ። አለቃው ቁልፉን አወጣ።

ሰብሳቢው ሰሌዳ አስመጡ። ስድስት ወረቀት ደረደሩ፤ አንዷን አጣመሙ። «ያደረጉትን ያድርጉ» አሉኝ። ጠጋ ብዬ በትንሿ ጣቴ ገፋሁ። ገጭ ብላ ገባች። ትንሽ ድምፅ ናት፤ ጥፍር የመቁረጥ ያህል። ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ነፍስ በዚያች ድምፅ ነበር።

እመቤት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «እንዲያ አድርጌ ነው የተውኩት» አለች፤ ለኮሚቴው ሳይሆን ለእሱ ነው የነገረችው። «ሰሌዳ አይንኩ ብሎ የነገረዎት የለም?» አሉኝ ሰብሳቢው። «አይናገሩ ነው የተባልኩት፤ እጄን ያስጠነቀቀው የለም» አልኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔው ቀድሜ እስቅ ነበር።

መታወቂያዬን የዚያኑ ቀን ተቀበሉኝ። አለቃው በጽሑፍ ተወቅሷል፤ መንገድ ላይ ሰላም አይለኝም፣ አልፈርድበትም። መነጽሬ በዘጠነኛው ቀን ወንበሩ ላይ ተመልሷል፤ ለአንድ ወር ሌላ ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። ልማድዎም ተሽሯል ጋሼ፤ አሁን በአፍ ይናገራሉ፣ አሥሩን ደቂቃም ጎን ለጎን ይቆማሉ። ደብዳቤዎ ሲነበብ ሰብሳቢው «ይህን ራሱ ላይ የጻፈ ሰው ትልቅ ሰው ነው» ብለዋል፤ እርስዎም ይህን ይያዙልኝ። ስለ እኔ አይጨነቁ፤ ሥራ እየፈለግኩ ነው፤ እስካገኝ የጎረቤት ልብስ እየተኮስኩ ነው፤ በመተኮስ ደግሞ ማንም አይበልጠኝም።

ያልነገርኩዎ አንድ ነገር ቀርቷል። ያን ቀን ከስብሰባው ወጥቼ በደረጃው ስወርድ መነጽሬ ተከትሎኝ ወጣ። ይቆጣኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩት። መነጽሩን አውልቆ ይዞታል።

«ቀጥ ብላ ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

«ቀጥ ብላ ነበር፣ ልጄ።»

«ባለፈው ሳምንት ሚስቴን ‹ዋሽቻለሁ መሰለኝ› ብያት ነበር። ሁሉም እንዲያ ሲለኝ ተጣማ ማየት ጀምሬ ነበር። ተጣማ፣ እኔም አይቻት ሳልፍ።»

«የለም። ዓይንህ ልክ ነበር።»

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ። ከላይ የእመቤት ጫማ ሲንኳኳ ሰማን። ሦስት ደረጃ ሲቀራት ቆመች። እሱ ዞሮ አላያትም፤ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። መጥታ ተቀመጠች፣ በዚያ እጥፋት በማታውቀው ቀሚሷ፣ አቧራው ላይ።

እኔ ተነሣሁና ትሪዬን ከላይ እንደተውኩት ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ፈጣሪ ያኑርዎ፤ አይዘግዩብኝ።

የአክስትዎ ልጅ